“አልቻልኩም” ስንል ጥፋቱ የማን ነው?

“አንቤረብል” የምትለዋ የእንግሊዝኛ ቅጽል በፊልም የግርጌ ጽሑፍም ሆነ በትርጉም ልቦለድ ብዙ ጊዜ የምታጋጥመኝ “የማይቻል” ሆና ነው። ስህተት ነው ማለት ይከብዳል። ግን “የማይቻል” ሌላም ሥራ አለበት፤ ሊሆን የማይችለውም ነገር “የማይቻል” ነው። ሦስት ተከላካይ አታልሎ ያለፈ ልጅ “አትቻልም!” ሲባል ደግሞ ሙገሳ ነው።

የእንግሊዝኛው ቃል ሥሩ መሸከም ነው። ሚላን ኩንዴራ በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ልቦለድ ርዕስ ላይ “አንቤረብል” ከ“ቅለት” ጎን ስትቆም የምትገርመውም ለዚህ ነው፤ ቀላል ነገር እንዴት ለመሸከም ይከብዳል? “የማይቻል ቅለት” ብትሉት ጥያቄው ይጠፋል፤ ሊኖር የማይችል ቅለት ይመስላል። እዚያ ቦታ “የማይሸከሙት” ይሻላል።

የእኛ “መቻል” ውስጥ ያለው ግን አቅም ነው። ፈጣሪን “ሁሉን ቻይ” እንላለን፤ ሁሉን በሆዷ ይዛ የምትኖርን እናትም “ቻይ ናት” እንላለን። ቃሉ ያምራል፤ መታገሥን ከኃይል ይቆጥረዋል። ዋጋም አለው፦ መታገሥ አቅም ከሆነ፣ አለመታገሥ አቅም ማነስ ሊሆን ነው።

ወደ ጣና በሚፈሰው የጉማራ ወንዝ ዳር፣ ወንዛዬ ፍል ውኃ ሄጄ እግሬን እንደነከርኩ “ኧረ አልቻልኩም!” ስል አጠገቤ የነበሩ እናት “ቻል አድርጊው እንጂ ልጄ” አሉኝ። ለፍል ውኃ ደግ ምክር ነው፤ ገላ ይለምደዋል። ይኸው ምክር ግን ባሏ የሚደበድባትን ሴትም ይጠብቃታል። “አልቻልኩም” ስትል የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት “እኔ” ናት፤ ሽማግሌውም እሷኑ “ቻይው” ይላታል። ዱላው ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የለም።

አሁን “አንገፈገፈኝ” በሉ። ወይም “መረረኝ”። አድራጊው ነገርዬው ነው፤ እኔ የደረሰብኝ ሰው ነኝ። ሰሚውም “ቻይው” ከማለቱ በፊት “ምኑ?” ብሎ ለመጠየቅ ይገደዳል። እርግጥ ሰዋስው ዱላ አያስቀርም፤ ግን ስለ ዱላው መነጋገር የሚጀመረው ከዚያች “ምኑ?” ነው።

ስለዚህ ተርጓሚዎች ሆይ፣ ስለ ግፍ፣ ስለ ኑሮ፣ ስለ ክፉ ትዳር የምትነገረዋን “አንቤረብል” “አንገፍጋፊ” በሏት። “የማይቻል”ን ለማይሆን ነገርና ለኳስ ሜዳው ልጅ እንተውላቸው።