ስለ ቢጫ ጉረሮዋ የይፋት ወፍ አጭር ሒስ

በደጋው ግርጌ ከሸዋ ሮቢት ወደ አልዩ አምባ የሚዘልቀው የይፋት ቈላ ቍጥቋጦና እሾህ የበዛበት አገር ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው በዚያ ቈላ ስለምትኖር አንዲት ትንሽ ዘር በል ወፍ ሊቃውንት የሰጡትን ፍርድ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በኤሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ኢጣልያዊው ሳልቫዶሪ በ1888 ይህችን ወፍ ራሷን የቻለች ዝርያ ብሎ ሰየማት። ማስረጃው እስከ 1886 ድረስ በሸዋ የተሰበሰቡ ጥቂት የደረቁ ቆዳዎች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ወፏን ያየ ሰው ስላልተገኘ፣ ፈረንሳዊው ኤራር በ1974 ባሳተመው ጥናት ከሌሎች ሁለት ዝርያዎች የተገኘች ድቅል ሳትሆን አትቀርም አለ።

መጠራጠሩን አንነቅፍም። ማስረጃው ጥቂት ነበረና በቤተ መዘክር የተቀመጠ ሰው ከዚህ የበለጠ ሊል አይችልም። የምንነቅፈው የዘመናት ዝምታ እንደ ማስረጃ መቈጠሩን ነው። ወፏ ጠፍታ ሳይሆን ፈላጊ ጠፍቶ ሊሆን ይችላልና። በእርግጥም በ1989 አሽና ጋሊክ መልካ ጀብዱ አጠገብ በሕይወት አገኟት።

ለመለየትም ፈጽሞ የማትቻል አይደለችም። መልኳ አመድማ ሆኖ ጉረሮዋና የወገቧ ታች ቢጫ ነው። ዘመዷ የሆነችው ሌላዋ ወፍ ወገቧ ቢጫ ቢሆንም ቢጫ ጉረሮ የላትም። ከደጋው አፋፍ ላይ ደግሞ አሽ በ1976 አይቶ በ1979 የሰየማት የአንኮበር ወፍ ትገኛለች፤ እርስዋ ቡናማና ዝንጕርጕር ስትሆን ቢጫ ወገብ የላትም። ይህችም በአንኮበር ዙሪያ ብቻ የምትኖር መስላ ነበር፤ ኋላ ግን በስሜን ተራሮች ተገኘች።

ነገሩ የስም ክርክር ብቻ አይደለም። ድቅል ለተባለች ወፍ ጥበቃ የሚጠይቅላት የለም። ዛሬ ቢጫ ጉረሮዋ ለመጥፋት ከተቃረቡት ወፎች መካከል ትቈጠራለች፤ የምትኖርበት ቍጥቋጦ ለማገዶ ከተመነጠረ በኋላ ፍርዱን ማረም ለእርስዋ አይረባትም።

ስለዚህ የእንስሳት ጥናት ተማሪዎች የሆን ሁሉ በሸዋ ሮቢት አካባቢ «የለችም» ብለን ከመጻፋችን በፊት በእግራችን ሄደን፣ ከብት ጠባቂውንም ጠይቀን እንፈልግ። ሳይፈልጉ የለም ማለት ምርምር አይባልም።