ታንኳ ያላሳጠረው ልጅ

በባሕር ዳር ሰፈሮች «ብረት» የሚባለው ብዙ ጊዜ ብረት አይደለም፤ ሲሚንቶ የተሞሉ ሁለት ጣሳዎች በቧንቧ ተያይዘው ነው። እኔም ክብደት ማንሳት የጀመርኩት በዚያ ነው። ዛሬ ታዳጊዎችን ሳሠለጥን ከእናቶች የምሰማው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ልጄን አጭር አድርገህ ልታስቀርብኝ ነው ወይ?»

መልሴን ከተወለድኩበት ከደቅ እጀምራለሁ። ናርጋ ሥላሴ ባለበት በዚያ የጣና ደሴት ልጅ መቅዘፊያ መጨበጥ ከቻለ ታንኳ ይቀዝፋል። ታንኳው የሚሠራበት ደንገል ውሃ ይጠጣል፤ ሲመሽ ያንን የራሰ ታንኳ ወደ ዳር ጎትቶ እንዲደርቅ ማቆም አለ። ክብደቱን የሚመዝን የለም። መቅዘፍ ያሳጥራል ያለ ሽማግሌ ግን አልገጠመኝም።

በረጃጅም አጥንቶች ጫፍ አካባቢ ገና ያልጠነከረ ክፍል አለ፤ አጥንት የሚረዝመው ከዚያ ነው። ከተጎዳ እድገቱ ሊዛባ ይችላል፤ ፍርሃቱ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ነገር ግን በአግባቡ የተመራ ልምምድ ቁመት እንደሚያስቀር ማስረጃ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዲያውም በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዲሠሩ ይመክራል።

ከዓመታት በፊት አንድ የ14 ዓመት የደቅ ልጅ ለትምህርት ከተማ ገብቶ ወደ እኔ መጣ። ትከሻው የቀዛፊ ነው። ደስ ብሎኝ በየሳምንቱ ክብደት ጨመርኩበት። በዚያው ክረምት ሱሪው አጠረው፤ ስኳት (ክብደት ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት) ሲወርድ ዛሬ እንደተወለደ ጥጃ ይንገዳገድ ጀመር። «ሰነፍክ» አልኩት። ብዙም ሳይቆይ ከጉልበቱ በታች ያለው ጉብታ አብጦ ደረጃ መውጣት አቃተው።

«ጋሼ፣ ሰነፍክ ስትለኝም እኮ ያመኝ ነበር» አለኝ።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ልጅ በፍጥነት ሲመዘዝ፣ ሴቶች 12፣ ወንዶች 14 ዓመት ገደማ፣ አጥንት ይቀድማል፤ ጡንቻና ጅማት ኋላ ይቀራሉ፤ ጅማቱም የተጣበቀበትን ለስላሳ ቦታ ይጎትታል። ከዚያ ወዲህ በየወሩ ቁመታቸውን ግድግዳዬ ላይ በእርሳስ አሰምራለሁ። መስመሩ ሲዘል ክብደት እቀንሳለሁ። ሁሉም በባዶ ቧንቧ ይጀምራል፤ ከ8 እስከ 15 ጊዜ አኳኋኑ ሳይበላሽ ካላነሳው ክብደቱ ገና የእሱ አይደለም። «ስንት ኪሎ ታነሳለህ?» የሚል ፉክክር እኔ ዘንድ ክልክል ነው።

ትንንሾቹ ክንዳቸው ስላልወፈረ መስታወት ፊት ቆመው ያዝናሉ። ከጉርምስና በፊት ጉልበት የሚጨምረው በአብዛኛው አእምሮ ጡንቻን ማዘዝ ስለሚለምድ ነው፤ ክንዱ ብዙም አይወፍርም። የፕሮቲን ዱቄት ልግዛ ለሚለኝ ሽሮ፣ ባቄላና የጣና ዓሣ እላለሁ።

ያ ልጅ ለሁለት ወር ከስኳት አርፎ ቀስ ብሎ ተመለሰ። አሁን 17 ዓመቱ ነው። ግድግዳዬ ላይ ያለው የመጨረሻ መስመሩ ከእኔ አናት በአራት ጣት ይበልጣል።