ከውስጥ የሚጣፍ ጉልበት

የተማሪ ሱሪ ቀድሞ የሚሸነፈው ጉልበቱ ላይ ነው። ልጆቹ ብይ ሲጫወቱ ይንበረከካሉ፤ ጥር ሲገባ ቴትሮኑ ሳስቶ ክሩ ይቆጠራል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዩኒፎርም በነፃ ይሰጣል፤ ለብዙ ቤት ትልቅ ዕረፍት ሆኗል። ግን ማታ ታጥቦ ጠዋት የሚለበስ አንድ ልብስ ዓመቱን ሙሉ አይዘልቅም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ልጆቼ በሚማሩበት ትምህርት ቤት የወላጅ መምህር ኅብረት አባልም ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት የስፌት መኪናዬ የተማሪዎቹ ነው።

ጉልበት የሚጣፈው ከውስጥ ነው። ለመጣፊያ አዲስ ጨርቅ አልጠቀምም፤ ቀለሙ ስላልደበዘዘ ከሩቅ ያሳብቃል። ካረጀ ዩኒፎርም ኪስ እቆርጣለሁ። ክሩን ከጨርቁ ትንሽ ጠቆር አደርገዋለሁ፣ ድርና ማጉን ተከትዬ እመላልሳለሁ፣ በመጨረሻ እርጥብ ጨርቅ አልብሼ በካውያ እተኩሳለሁ። ልጁ ሰልፍ ላይ ሲቆም አጠገቡ ያለው ጓደኛው ካላወቀ፣ ሥራዬ ሥራ ነው።

ይህን የተማርኩት ልጅ አስከፍቼ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ያደስኳቸውን ልብሶች ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ ስም እየጠራሁ አደልኩ። ተጨበጨበልኝ፤ ደስም አለኝ። ስማቸው ከተጠራው አንዷ፣ የአራተኛ ክፍል ተማሪ፣ በማግስቱ ቀረች፤ በሦስተኛውም ቀን አልመጣችም። ቤታቸው ሄድኩ። እናቷ አልተቀየመችኝም፣ ቡና አፈላችልኝ። ልጅቷ ግን ከመጋረጃው ጀርባ አልወጣም አለች። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ምጽዋት በስውር ይሁን የተባለውን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ሰጪው እንዳይታበይ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለተቀባዩም መሸፈኛ መሆኑን ያ መጋረጃ አሳየኝ።

ከዚያ ወዲህ ስም አይጠራም። ልብሱ ዓርብ በሆምሩም መምህራን በኩል ይሰበሰባል፣ ሰኞ ጠዋት ይመለሳል። የመምህራን ልጆች ዚፕም፣ የራሴ ልጅ ኮሌታም እዚያው ከረጢት ውስጥ ይገባል። የማን እንደሆነ የሚታወቀው በውስጥ በኩል በክር በተሰፋ ቁጥር ነው።

ቁልፍ የምትተክልልኝ ጎረቤቴ ሙስሊም ናት፤ የእሷም ልጆች እዚያው ይማራሉ። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሰሞን ገቡ። ቅዳሜ ለእኔ ቀን መብላት ስለሚፈቀድ የመጀመሪያውን ሳምንት ምሳዬን በልቼ መጣሁ። እሷ ውሃ እንኳ ሳትቀምስ ጎንበስ ብላ መርፌ ስታስገባ ሳይ ከበደኝ። ከዚያ በኋላ ምሳዬን አቆየሁት፤ መግሪብ ላይ እሷ በቴምር ስታፈጥር እኔ ሽሮዬን አቅርቤ አብረን በላን። ስለዚህ ጉዳይ አንዳችንም ምንም አላልንም።

በሐዋርያት ሥራ ስለ ጣቢታ ሲነበብ ጆሮዬ ይቆማል። ስትሞት የኢዮጴ መበለቶች ለጴጥሮስ ያሳዩት የሰፋችላቸውን ልብስ ነው። ስፌቷ ምን ይመስል እንደነበር ማየት ሁልጊዜ ያምረኛል።

ያቺ ልጅ አሁን ሰባተኛ ክፍል ናት። ባለፈው ቅዳሜ የታናሽ ወንድሟን ሱሪ በፌስታል ይዛ ራሷ መጣች።

«እትዬ፣ ጉልበቱ ነው። ከውስጥ ነው አይደል የሚጥፉት?»

ሱሪውን ገልብጬ የሳሳውን ቦታ አሳየኋት፤ መርፌና ክርም ሰጠኋት።