አሮጌ ሥዕልን ደግሞ መሳል

በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም እ.ኤ.አ. በ1280/81 የተጻፈ ወንጌል አለ፤ የገዳሙ አበምኔት የነበሩት የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ምስል ያለበት። በአምባሰል ግርጌ ላደገ የሥዕል ተማሪ፣ የቀደመን ሥዕል ፊት ለፊት አስቀምጦ ደግሞ መሳልን የሚያህል ትምህርት አላውቅም።

የአገራችን ሠዓሊዎችም እንዲሁ አድርገዋል። የሮሟ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን የእመቤታችን ሥዕል ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በየአብያተ ክርስቲያናቱ ተደገመ፦ የተደራረቡት እጆች፣ የተዘረጉት ሁለት ጣቶች፣ መሐረቡ ሳይቀር። ፊቷና ዓይኖቿ ግን የእኛው ሆኑ! ይህ ድፍረት ያስደንቀኛል።

በዘይት ቀለም የሚደግማት በቅድሚያ ብርሃንና ጥላውን በቡናማ ቀለም ይለያል። ያ ሲደርቅ ሌላውን ቀለም በስሱ ይደርባል፤ ዘይት የበዛበት ከላይ ካልሆነ ይሰነጠቃል። ለጣቶቹ ብቻ ሙሉ ቀን ቢሰጥ አይበዛም።