ሳይፈላ የሚቀዳ ሻይ፦ ስለ ጽሑፍ ጨዋታዎች ማንቆርቆሪያ

በጽሑፍ ብቻ ስለሚካሄዱ የምናብ ጨዋታዎች የሚቀርበውን ሂስ ሳነብ አንድ ዕቃ ሁልጊዜ ሲታለፍ አያለሁ፤ ማንቆርቆሪያ። ስለ ዘንዶው፣ ስለ ሰይፉ የጉዳት ስሌት፣ ስለ ዋሻው ካርታ ገጽ በገጽ ይጻፋል። እሳት ዳር የተጣደው ማንቆርቆሪያ ግን «ማስዋቢያ» ተብሎ በአንድ ቃል ይሸኛል። ይህ ፍርድ የተሳሳተ ነው። ዘንዶ መግደል ለኮድ ቀላል ሥራ ነው፤ ከአንዱ ቁጥር ሌላውን መቀነስ ነው። ሻይ ማፍላት ግን ውሃ፣ እሳትና ጊዜ አብረው እንዲታሰቡ ይጠይቃል። ከሦስቱ አንዱን የዘነጋ ዓለም ጉድለቱ የሚታየው ጦር ሜዳው ላይ ሳይሆን ምድጃው ላይ ነው።

ታሪኩን አንባቢ ያውቀዋል። ከዊል ክራውዘርና ከዶን ዉድስ የዋሻ ጨዋታ፣ ከ«አድቬንቸር» ጀምሮ በእነዚህ ዓለማት ውስጥ ፈሳሽ አስቸጋሪ ነገር ነው። ፋኖስ ይነሳል፣ ቁልፍ ይጣላል፤ ውሃ ግን በእጅ አይያዝም። ስለዚህ ጠርሙስ ተሰጠን። ጠርሙሱ ባዶ ነው፣ ወይም ውሃ አለበት፣ ወይም ዘይት አለበት። ውሃው ተክል ያጠጣል፣ ዘይቱ የዛገ በር ያላላል። ለዚያ ጨዋታ ይህ በቂ ነበር፤ ዋሻው ሰው የሚኖርበት ቤት አይደለምና።

ቤት ያስፈለገው ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ዓለም ውስጥ መገናኘት ሲጀምር ነው። ሮይ ትሩብሾና ሪቻርድ ባርትል እ.ኤ.አ. በ1978 ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ «መድ»ን ከጀመሩ በኋላ የዚህ ቤተሰብ ልጆች በዙ። ከሁሉም ይልቅ የተራባው በኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ አምስት ተማሪዎች የሠሩት ዲኩመድ ነው። ጄረሚ ኤልሰን እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው ሰርክልመድም የዚሁ ልጅ ነው። ሻይና ቡና በነዚህ ጨዋታዎች ውስጥ ምን እንደሆኑ ለማወቅ የጠጅ ቤቱን መግለጫ ማንበብ አይበቃም፤ ኮዱን መክፈት ያስፈልጋል።

ኮዱ ውስጥ መጠጦች ተራ በተራ ተደርድረው ለእያንዳንዳቸው ሦስት ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። አንደኛው ምን ያህል እንደሚያሰክር፣ ሁለተኛው ምን ያህል ሆድ እንደሚሞላ፣ ሦስተኛው ምን ያህል ጥም እንደሚቆርጥ ይናገራል። ውሃ 0፣ 1፣ 10 ነው። ቢራ 3፣ 2፣ 5 ነው። ወተት 0፣ 3፣ 6 ነው። ሻይ 0፣ 1፣ 6 ነው። ቡናም 0፣ 1፣ 6 ነው።

እዚህ ላይ መቆም ይገባል። በዚህ ዓለም ውስጥ ሻይና ቡና በጠጪው ላይ በሚያደርጉት ነገር አንድ ናቸው። የሚለያቸው ስማቸውና ቀለማቸው ብቻ ነው። ቀለማቸው በሌላ መደብ ተጽፏል፦ ሻይ ቡናማ፣ ቡና ጥቁር። ይህን መደብ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ወዲያው የሚያየው ነገር አለ። የቡና ስም ያለው ቀለም የሄደው ለሻይ ነው። በጥቁር ቡና ያደገ አማርኛ ተናጋሪ ግን መደቡን ትክክል ነው ይለዋል፤ ሲኒው ውስጥ ያለው ጥቁር ነው፣ ብርጭቆው ውስጥ ያለው ቡናማ ነው። የኮፐንሃገን ተማሪዎች ዓይናቸው ጥሩ ነበር። ያጡት እጅና ምላስ ነው።

መጠጥ የሚይዘው ዕቃም እንዲሁ አራት ቁጥር አለው፦ ስንት ይይዛል፣ አሁን ስንት አለበት፣ ያለበት ምንድን ነው፣ ተመርዟል ወይስ አልተመረዘም። ሙቀት የለም። መርዝን ያሰበ ሰው ሙቀትን አላሰበም። በሰርክልመድ አንዱን ፈሳሽ ሌላ ፈሳሽ ወዳለበት ዕቃ መቅዳትም አይፈቀድም፤ ሌላ ነገር አለበት ተብሎ ትዕዛዙ ይመለሳል። ስለዚህ ቡና በወተት አይታሰብም። ስኳርም እንደዚያው፣ ቅጠልም እንደዚያው፤ ውሃ ውስጥ ገብቶ ውሃውን ሌላ ነገር የሚያደርግ ምንም የለም። ሻይ በዚያ ዓለም ከመጀመሪያው ሻይ ሆኖ ተፈጥሯል፤ ማንም አላፈላውም።

ጨዋታ ሁሉንም ነገር ሊይዝ አይችልም፣ ማሳጠር ግድ ነው የሚሉ አሉ። እውነት ነው። ነገር ግን የሚያሳጥር ሰው እየመረጠ ነው የሚያሳጥረው፤ ሂስም የሚጀምረው ምርጫው ላይ ነው። ስካር ተመረጠ፣ መርዝ ተመረጠ፣ ጥም ተመረጠ። ሦስቱም በጀብደኛው አካል ላይ የሚደርሱ ናቸው። ሰው ለሰው የሚያደርገው ነገር አልተመረጠም።

በቋንቋችን ማንቆርቆሪያ የተሰየመው በማፍላቱ አይደለም፤ በማንቆርቆሩ፣ በመቅዳቱ ነው። ዲኩመድ ይህን ስም ቃል በቃል የሠራ ይመስለኛል። ዕቃው ከምንጭ ይሞላል፣ ወደ ሌላ ዕቃ ይቀዳል፣ ወደ መሬት ይደፋል። የስሙን ሥራ ሁሉ ይሠራል። የቀረው ከመቅዳት በፊት ያለው ነው፤ እሳቱ፣ መጠበቁ፣ ክዳኑን አንሥቶ ማየቱ። ጀበና ደግሞ በዚህ ኮድ ከቶ ሊገባ አይችልም። አቦልና በረካ የሚወጡት ከአንድ ጀበና፣ ከአንድ አተላ ነው፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት የዓይነት ሳይሆን የታሪክ ነው፦ ስንት ጊዜ ውሃ ተጨመረበት፣ ስንት ጊዜ ፈላ። የፈሳሽን ዓይነት በአንድ ቁጥር የሚይዝ ኮድ ዙሮቹን ሁሉ አንድ ያደርጋቸዋል።

ስለ ሻይና ስለ ጽሑፍ ጨዋታ ሲነሳ ሁሉም የሚጠቅሰው ዳግላስ አዳምስና ስቲቭ ሜረትስኪ ለኢንፎኮም እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጡትን «ሂችሃይከርስ ጋይድ ቱ ዘ ጋላክሲ» ነው። የጠፈር ታሪክ ነው፤ ግን ሳይጠቀስ አይታለፍም። ተጫዋቹ ሲጀምር ከያዛቸው ነገሮች መካከል «ሻይ አለመኖር» ተመዝግቦ ይገኛል፤ ኋላም ሻይንና ሻይ አለመኖርን በአንድ ጊዜ ይዞ ለአንድ በር ማሳየት አለበት። የቃል ሥራው የተዋጣ ነው፤ ትኩስ ፈሳሽም የመርከቡን እንግዳ ሞተር ለማስነሳት ይጠቅማል። ነገር ግን ለሻይ ጨዋታ ሞዴል ተደርጎ የሚወደስበት ምክንያት አይታየኝም። ሻዩ ከማሽን የሚወጣ ነው። ተጫዋቹ የሚደክመው እንቆቅልሹን ለመፍታት እንጂ ሻይ ለማፍላት አይደለም፤ ሲፈታም አብሮት የሚጠጣ ሰው የለም።

የተሻለው መንገድ ሌላ ቦታ ተከፍቶ ነበር። ስዊድናዊው ላርስ ፔንሾ እ.ኤ.አ. በ1989 ኤልፒመድን ሲያወጣ እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ትንሽ ፕሮግራም እንዲሆን አደረገ። ኤልፒሲ በሚባለው ቋንቋው ውስጥ «ኮል አውት» የሚባል ትዕዛዝ አለ፤ አንድ ሥራ ከተወሰኑ ሰከንዶች በኋላ እንዲፈጸም ቀጠሮ ይይዛል። ማንቆርቆሪያ ከዚህ በላይ አይፈልግም። ውሃ ሞልቶ እሳት ላይ ሲጣድ ቀጠሮው ይያዛል። ከ25 ሰከንድ በኋላ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ ውሃው ማፏጨት መጀመሩን ያነብባል። ከ50 ሰከንድ በኋላ ክዳኑ ይንቀጠቀጣል። ቅጠሉ ሲጨመር ቀለሙ ቀስ እያለ ይለወጣል። ያነሳው ሰው ከሌለ ውሃው እያነሰ ሄዶ ማንቆርቆሪያው ያርራል። ጥቂት መስመር ኮድ ነው፤ ዘንዶው ከዚህ ብዙ እጥፍ ይወስዳል።

ሰርክልመድ ውስጥ የጨዋታው አንድ ሰዓት 75 የእውነት ሰከንድ ነው። ውሃ በአንድ የጨዋታ ሰዓት ይፈላል ብንል፣ ሁለት ተጫዋቾች አንድ ክፍል ውስጥ 75 ሰከንድ የሚመቱት ጠላት፣ የሚያነሱት ዕቃ የላቸውም ማለት ነው። ያን ጊዜ የሚቀራቸው አንድ ትዕዛዝ ነው፤ መናገር። ከየት ነህ ይባባላሉ። ትናንት ስለ ሞተው ጓዳቸው ያነሳሉ። የማንቆርቆሪያው ጥቅም ጥም በመቁረጡ አይደለም፤ የውሃ 10 ከሻይ 6 ይበልጣልና። ጥቅሙ የሚፈጥረው መቆያ ነው። ቡና የሚፈላበት ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሰው ይህን ለማመን ማስረጃ አይጠይቅም።

ይህን ጽሑፍ ስጀምር ዲኩመድን ለመውቀስ ብቻ ነበር ያሰብኩት። የድሮዎቹን ጨዋታዎች መለስ ብዬ ሳስብ ግን ሌላ ነገር አየሁ። በነዚያ ዓለማት ድርጊትን በገዛ ቃል መግለጽ ይቻላል፤ ተጫዋቹ የፈለገውን ዓረፍተ ነገር ጽፎ በስሙ ለክፍሉ ሁሉ ማሳየት ይችላል። ሰዎችም ይህን ይዘው ኮዱ የነፈጋቸውን ሞሉ። እሳቱን ቆሰቆሱ፣ ማንቆርቆሪያውን ጣዱ፣ «ትንሽ ይቆይ፣ ገና ነው» አሉ፣ ለእንግዳ አስቀድመው ቀዱ። ቁጥሩ 0፣ 1፣ 6 ከመሆን አልተንቀሳቀሰም። ሻዩ ግን ትኩስ ነበር፤ ትኩስ ያደረጉት የሚጠጡት ሰዎች ናቸው። ከብዙ የተወደሰ የውጊያ ሥርዓት ይህን አስበልጣለሁ፤ ማንም ሳያዝዛቸው ለሌላ ሰው ሲሉ ያደረጉት ነውና።

ይህ ግን ዓለሙን የሚሠሩትን ሰዎች ከሥራቸው ነጻ አያወጣም። ተጫዋች በቃሉ የሚያፈላው ሻይ ሌላው ሳያይ ሊያልፈው ይችላል፤ ኮድ ውስጥ ያለ ሻይ ግን ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሁሉ ይጠብቃል፣ ሁሉንም ያስጠብቃል። በተለይ በአማርኛ እንዲህ ያለ ዓለም ለመሥራት የሚያስብ ወጣት ካለ አደራ የምለው ይህን ነው፦ ከሰይፉ በፊት ጀበናውን ጻፍ። ስንት ሰከንድ እንደሚፈላ፣ ስንት ዙር ውሃ እንደሚቀበል፣ ሲገነፍል ክፍሉ ውስጥ ያሉት ምን እንደሚያነቡ ወስን። ሲኒውንም ከአንድ በላይ አድርገው።