ከሳጥን የወጣ ድሮን በጎጃም አለት ላይ

ለብዙ ወራት ሳጥን ውስጥ የከረመ ድሮን ሲበራ ስክሪኑ ላይ ቀድሞ የሚመጣው መልእክት ብዙውን ጊዜ «ኮምፓሱን አስተካክል» የሚል ነው። አብራሪውም ሳይውል ሳያድር ካሊብሬሽኑን ይጀምራል። በምሥራቅ ጎጃም የእርሻ ማሳ ካርታ ስንሠራ ደጋግሜ ያየሁት ነገር ቢኖር ይህ ጥድፊያ ብልሽቱን እንደሚደብቅ ነው። ካሊብሬሽን ሲሠራ ድሮኑ በዚያች ቦታና በዚያች ሰዓት ያገኘውን ንባብ እንደ ትክክለኛ መነሻ ይይዘዋል። ቦታው የተዛባ ከሆነ መዛባቱ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ ማስጠንቀቂያው ይጠፋል፣ ስህተቱ ግን አብሮ ይበራል። ስለዚህ እኔ መጀመሪያ የቅሬታውን ምንጭ እፈልጋለሁ፤ ካሊብሬሽኑ የመጨረሻ ሥራዬ ነው።

በእኛ አካባቢ ድሮን የሚያስተኛው ክረምቱ ብቻ አይደለም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ የቅየሳ ድሮን ይዞ ሜዳ መውጣት ከባድ ሆኗል። ገበሬው የድሮን ድምፅ ሲሰማ ካርታ ትዝ አይለውም፤ የሚሰማው ፍርሃት ነው፣ ፍርሃቱም ምክንያት አለው። ፈቃድ በእጅ ቢኖር እንኳ ቀበሌው ሳያውቅና የአገር ሽማግሌዎች ሳይነገራቸው ለሙከራ በረራ ሞተር ማስነሳት ነውር ነው ብዬ አምናለሁ።

ወደ ዕቃው ልመለስ። ባትሪው ቀድሞ ይታያል፤ ያበጠ ከሆነ አይሞከርም፣ አንዱ ሴል ከ3 ቮልት በታች ወርዶ ከቆየም ይወገዳል። የጂፒኤስ መቀበያው ደግሞ ትዕግሥት ይፈልጋል። ከረጅም እንቅልፍ በኋላ በውስጡ ያለው የሳተላይቶች መረጃ አርጅቷል፣ አዲሱ ሙሉ በሙሉ ከሰማይ እስኪወርድለት 12 ደቂቃ ተኩል ሊወስድ ይችላል። ሳተላይት አላገኘም ተብሎ በሁለት ደቂቃ ውስጥ እንደ ብልሹ የሚፈረድበት መቀበያ ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው።

ዋናው ጉዳይ ኮምፓሱ ነው። ጥፋቱ የድሮኑ ነው ወይስ የመሬቱ? ይህን የምለየው እንዲህ ነው። ድሮኑን ብረት በሌለው በርጩማ ላይ አስቀምጬ ባለበት ቀስ እያልኩ አዞረዋለሁ፣ የማግኔት መስኩንም ጠቅላላ መጠን አነባለሁ። ንባቡ አቅጣጫ በተለወጠ ቁጥር ከወጣና ከወረደ ጥፋቱ ድሮኑ ላይ ነው፦ አጠገቡ ተቀምጦ የከረመ ስፒከር፣ በጥገና ጊዜ የገባ የብረት ብሎን ወይም ጫፉ ማግኔት የሆነ ካቻቢቴ አካሉን አማግኔቶታል ማለት ነው። ሲዞር ንባቡ ካልተለወጠ፣ ጥቂት እርምጃ ራቅ ሲል ግን ከተለወጠ፣ መሬቱን እጠረጥራለሁ። በዚህ አካባቢ የሚጠበቀው ወደ 36 ማይክሮቴስላ ነው።

የጎጃም መሬት ደግሞ ሊጠረጠር የሚገባው ነው። የጮቄ ተራራ ከ20 ሚሊዮን ዓመት በፊት በፈሰሰ ባዛልት የተገነባ ነው፤ በዚህ ጥቁር ድንጋይ ውስጥ ማግኔታይት የሚባለው የብረት ማዕድን አለ። መብረቅ የመታው ግልጥ አለት ደግሞ ይብስበታል፤ በድንጋዩ ውስጥ ያለፈው ኃይለኛ ጅረት ጠንካራ ማግኔት አድርጎት ይሄዳል። አብራሪ ለዕይታ ብሎ የሚመርጠው የኮረብታ አናት መብረቅ የሚመርጠውም ነው። ስለዚህ ኮረብታ ላይ ካሊብሬሽን አልሠራም፤ ወደ የጥኖራና ወደ ቢቸና የጤፍ ማሳ እወርዳለሁ፤ እዚያ ጥልቅ ጥቁር አፈር ድሮኑን ከአለቱ ያርቀዋል። ሞጣ ከተማ ውስጥም ከቆርቆሮው አጥርና ፌሮ ካለበት ሲሚንቶ መራቅ ነው።

ሌላም የአገራችን ጠባይ አለ። የምድር ማግኔት ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል፤ በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1957 እና 1958፣ አባ ፒየር ጉዋ የተባሉት ካናዳዊ ኢየሱሳዊ አዲስ አበባ ላይ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ያቋቋሙት ቦታው ለዚህ ወገብ ቅርብ ስለሆነ ነው። ለንደን ላይ የማግኔት መስኩ 66 ዲግሪ ያህል ወደ መሬት ያዘነብላል፤ እኛ ዘንድ ግን ከአግድም ብዙም አይርቅም። ይህ ለኮምፓስ በረከት ነው፤ አቅጣጫ የሚያሳየው አግድሙ ኃይል ነውና። ግን አንድ ወጥመድ አለው። ድሮኑ ቀጥ ብሎ ሲንሳፈፍ ቁመቱን የሚለካው የኮምፓሱ ዘንግ ለአቅጣጫው ምንም አያዋጣም፣ ስለዚህ ያ ዘንግ ተዛብቶ ቢሆንም አይታወቅም። ነፋስ መጥቶ ድሮኑ 20 ዲግሪ ያህል ሲያዘነብል ግን የተደበቀው ስህተት ወደ አቅጣጫው ይገባል፤ ድሮኑም ክበብ እየሠራ፣ ክበቡንም እያሰፋ መሄድ ይጀምራል። ጠዋት ጸጥ ባለ አየር ያለፈ ድሮን ከሰዓት በኋላ የሚያስቸግረው አንዳንዴ በዚህ ነው። በካሊብሬሽን ጊዜ አፍንጫውን ወደ መሬት ደፍቶ ማዞር የሚያስፈልገውም ያንን ዘንግ አግድሙን መስክ ለማስነበብ ነው፤ ሰው ግን ሰለቸኝ ብሎ በግማሽ ይተወዋል።

ጋይሮስኮፑና አክስለሮሜትሩ ያን ያህል አያደክሙም። የጋይሮው መነሻ ከሙቀት ጋር ይለዋወጣል፣ የደጋው ጠዋት ደግሞ ብርዳማ ነው፤ ድሮኑን አብርቼ ነፋስ በማይነካው ቦታ ሳልነካው እንዲሞቅ እተወዋለሁ። ለአክስለሮሜትሩ ውሃ ልክ እይዛለሁ፤ በዓይን የተገመተ ጠረጴዛ በረራውን ወደ አንድ ጎን ያስጎትታል።

ባሮሜትሩ ላይ ጥቂት ልቆይ። ቀዳዳውን አቧራ ወይም የነፍሳት ጭቃ ሊደፍነው ይችላል፣ የክረምት እርጥበትም ንባቡን ያንሸራትታል። ቢቸና ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፤ እዚህ ከፍታ ላይ የአንድ ሄክቶፓስካል ስህተት ከ10 ሜትር በላይ የከፍታ ስህተት ነው። በሐሩር አገር የአየር ግፊቱ ራሱ በየቀኑ ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ከፍ፣ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ገደማ ዝቅ ይላል። ስለዚህ መሬት ላይ ተቀምጦ የውሎ ንባቡ ቀስ ብሎ ቢንሸራተት ሴንሰሩን አልወቅስም፤ የምጠረጥረው በደቂቃዎች ውስጥ የሚዘል ቁጥርን ነው።

ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ካሊብሬሽኑን ሠርቼ፣ ነፋስ እስኪነሣ ጠብቄ፣ ሜዳው ላይ በአራቱም አቅጣጫ ቀጥታ አበርረዋለሁ። ከዚያ ኮምፓሱ ያለውን አቅጣጫ ጂፒኤሱ ካስመዘገበው መንገድ ጋር አስተያያለሁ። ልዩነቱ እንደ አቅጣጫው የሚለዋወጥ ከሆነ ድሮኑ ወደ ዓባይ በረሃ አፋፍ አይወሰድም፤ ኮምፓሱ ከባትሪው ሽቦ ርቆ ይተከላል ወይም ይቀየራል፣ ፍተሻውም ከበርጩማው እንደገና ይጀመራል።