ሰው የሚሰፈርበት ቁና

ወጣቶች ሆይ፤ አባቶቻችን «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ሲሉ የተናገሩት ለእህል ነጋዴ ብቻ አይደለም። ነጋዴ ቁናውን ቢያጎድል የሚጎዳው የገዢው ከረጢት ነው፤ የጎደለውንም እህል በሚመጣው ገበያ መተካት ይቻላል። ስለ ሰው ኑሮ መመዘኛ የሚያወጣ ሰው ግን መመዘኛው የተዛባ እንደ ሆነ የሚያጎድለው የሰውን ዕድሜ ነው፤ ዕድሜም አይተካም። በዚህ ጽሑፍ ልተቸው ያሰብሁት እንዲህ ያለውን ቁና ነው። ይኸውም የአእምሮ ዕድገት ውሱንነት ላለባቸው ሰዎች የሚሰጠው አገልግሎት ጥሩ ወይም መጥፎ መሆኑ የሚለካበት መመዘኛ ነው። ነገሩ በሰፊው የተሠራበት በአሜሪካ ስለ ሆነ ምሳሌዬን ይበልጡን ከዚያ አመጣለሁ፤ ዓመቶቹም በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

በኒው ዮርክ ከተማ፣ ስታተን አይላንድ በምትባለው ደሴት ላይ፣ ዊሎብሩክ የተባለ የመንግሥት ተቋም በ1947 ተከፈተ። ስሙ ትምህርት ቤት ነበር። የተሠራው ለ4,000 ሰዎች ሲሆን በ1965 ግን 6,000 ያህል ሰዎች ታጭቀውበት ነበር። በዚያው ዓመት ሴናተር ሮበርት ኬኔዲ ሳያስታውቅ ደርሶ ያየውን በአደባባይ ነቀፈ። ነገሩ ግን ብዙ ሳይሻሻል ቆየ። በ1972 ጄራልዶ ሪቬራ የተባለ ጋዜጠኛ የፊልም መሣሪያ አስይዞ ገባና የቤቱን ጉድ በቴሌቪዥን አሳየ። ወላጆችም ክስ መሠረቱ፤ በ1975 ክሱ በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት አለቀ፤ ተቋሙም በ1987 ተዘጋ።

እንግዲህ አስተውሉ። በዊሎብሩክ የጠፋው ቆጠራ አልነበረም፤ ለ4,000 በተሠራ ቤት 6,000 ሰው መኖሩ የታወቀው ተቆጥሮ ነው። ቁጥሩ ነበረ፤ ቁጥሩን አይቶ የሚደነግጥ ሰው ግን አልነበረም።

ከዚህ ዓይነቱ ግፍ በኋላ የመጀመሪያው ቁና ተሰናዳ። በ1972 ፍራንክ ጆንሰን የተባሉ ዳኛ በአላባማ ለሚገኘው ፓርትሎ ለተባለ ተቋም ዝቅተኛውን ግዴታ በዝርዝር ወሰኑ። ለስንት ነዋሪ ስንት ሠራተኛ እንደሚያስፈልግ፣ ለስንት ሰው ስንት መጸዳጃ እንደሚገባ፣ የክፍሉም ሙቀት ከ68 ዲግሪ ፋራናይት እንዳይወርድ፣ ከ83ም እንዳያልፍ አዘዙ። አንዳንድ ሰዎች ይህን የቤትና የዕቃ ቆጠራ ይንቁታል። እኔ ግን አልንቀውም። በብርድ የሚንቀጠቀጥ ሰው ባለበት ቤት ስለ ነጻነት ብቻ የሚሰብክ ሰው ቀልደኛ ነው። ይህ ቁና የሰውን ሥጋ ከሞት አድኗል፤ ስለዚህም ሊመሰገን ይገባዋል።

ነገር ግን የጋጣም ሙቀት ይለካል፤ የከብትም መኖ ይመዘናል። አንድ ቤት ሙቀቱን ጠብቆ፣ ወለሉን አጽድቶ፣ መዝገቡን አሳምሮ፣ ነዋሪውን ግን በልጅነቱ አስገብቶ ዘመድም ወዳጅም ሳያውቅ ሊያስረጀው ይችላል። መርማሪውም ቅጹን ሞልቶ «ጉድለት አልተገኘም» ብሎ ይፈርማል። ፊርማው ሐሰት አይደለም፤ የተጠየቀው ነገር ሁሉ ተሟልቷልና። ሐሰቱ ያለው በጥያቄው ውስጥ ነው።

ይህን ጉድለት ቀድመው ካዩት አንዱ ስዊድናዊው ቤንክት ኒሪየ ነበሩ። በ1969 ባወጡት ጽሑፍ ለእነዚህ ሰዎች የሚገባቸው ኑሮ እንደ ማንኛውም ሰው ያለ የቀን፣ የሳምንትና የዓመት ሥርዓት ያለው ኑሮ ነው አሉ። ከጻፉትም ውስጥ አንዲት ትንሽ ነገር ከብዙ ደንብ ትበልጥብኛለች። ይኸውም ሰው ከታናናሾቹ በፊት፣ ወይም ሠራተኛ ስለ አነሰ ያለ ጊዜው ወደ መኝታ መላክ የለበትም የምትል ናት። አያችሁ፤ አልጋው ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ ጥያቄው ግን ሰውዬው ወደ አልጋው የሚሄደው በማን ሰዓት ነው የሚል ነው።

ከዚያ ወዲህ ሁለተኛው ቁና መጣ። ካውንስል ኦን ኳሊቲ ኤንድ ሊደርሺፕ የተባለው ድርጅት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያወጣውና ኋላም ያሻሻለው መመዘኛ ዛሬ 21 ነጥቦች አሉት። የት እንደሚኖርና ከማን ጋር እንደሚኖር የመረጠው ራሱ ነውን? ወዳጆች አሉትን? ይከበራልን? እያለ ይጠይቃል። የአሜሪካም መንግሥት በ2014 ባወጣው ደንብ፣ ሜዲኬይድ በተባለው የመንግሥት ገንዘብ በሚተዳደሩ መኖሪያ ቤቶች ነዋሪው በሩን መቆለፍ፣ በፈለገው ጊዜ ምግብ ማግኘትና እንግዳ መቀበል እንዲችል ወሰነ። ይህ ታላቅ እርምጃ ነው፤ ቤቱን መለካት ትቶ ሰውዬውን ወደ መጠየቅ ደርሷልና።

ይሁን እንጂ ይህም ቁና ሦስት ቀዳዳዎች አሉት።

የመጀመሪያው «አዎ» የሚለው መልስ ነው። ካሮል ሲግልማንና ባልደረቦቿ በ1981 ባወጡት ጥናት የአእምሮ ዕድገት ውሱንነት ያለባቸው ሰዎች ሲጠየቁ ብዙ ጊዜ ወደ «አዎ» እንደሚያዘነብሉ አሳይተዋል። ደስተኛ ነህን ሲባል አዎ፣ ታዝናለህን ሲባልም አዎ የሚል ሰው ይገኛል። ዕድሜውን በሙሉ እሺ እንዲል የተማረ ሰው ሌላ ምን ይበል? በእኛማ ቋንቋ ቀዳዳው ይሰፋል። ሐበሻ እንዴት ነህ ሲባል እየታመመም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» ይላል። በአሜሪካ የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ቤተ ሰብ በአስተርጓሚ ሲጠየቅ ይህን ምስጋና እንደ እርካታ የሚጽፍ መርማሪ የለካው ጨዋነትን እንጂ አገልግሎትን አይደለም።

ሁለተኛው ቀዳዳ በሌላ ሰው አፍ መናገር ነው። ሰውዬው መናገር ካቃተው እናቱ ወይም ተንከባካቢው ይመልሱለታል። እናት ትወደዋለች፤ ነገር ግን ፍቅሯ ፍርሃቷንም ይጨምራል። ተንከባካቢውም ስለ ራሱ ሥራ መስካሪ ይሆናል። በ1997 የተጀመረው ናሽናል ኮር ኢንዲኬተርስ የተባለው የአሜሪካ መጠይቅ በዚህ ረገድ ጠንቃቃ ነው። አንዳንዶቹን ጥያቄዎች ከባለቤቱ በቀር ማንም እንዳይመልስ ከልክሏል። ይህ ጥሩ ነው፤ ባዶ ቦታ ከሰው ሠራሽ መልስ ይሻላልና። ነገር ግን ባዶ ቦታቸው የበዛባቸው ሰዎች ችግራቸው እጅግ የከበደው ናቸው፤ ድምራቸውም ከመቶኛው ውጭ ይቀራል። ስለዚህ ቁጥሩ ያማረ መስሎ ሲታይ በውስጡ የሌለው ማን ነው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ቀዳዳ ለካዩ ራሱ ነው። በቀጠሮ የሚመጣ መርማሪ የሚያየው የቀጠሮውን ቀን ነው። ኬኔዲ ሳያስታውቅ መሄዱ፣ ሪቬራም የፊልም መሣሪያ አስይዞ መግባቱ ብዙ መዝገብ ያላሳየውን አሳይቷል።

«ታዲያ የማይናገረውን ሰው በምን እንለካው?» የሚል ይኖራል። እኔ ምላሽ አለኝ። አብራችሁት ዋሉ። ሰው ሲመጣ ፊቱን የሚያዞረው ወደ ማን ነው? የሚሸሸውስ ከማን ነው? ሳይወድ ሲቀር «አልፈልግም» የሚልበት ምልክት ምንድን ነው? ምልክቱን ባሳየ ጊዜስ የሚሰማው አለ? ከሁሉ በላይ ደግሞ ደመወዝ ሳይከፈለው ሊጠይቀው የሚመጣ ሰው ማን ነው? በዓመት አንድ እንኳ ከሌለ፣ ወለሉ እንደ መስተዋት ቢያበራም ቤቱ ጎዶሎ ነው።

ከእናንተ መካከል ነገ መምህር፣ ነርስ፣ የመንግሥት ጸሐፊ የሚሆን አለ፤ ዛሬም እንዲህ ያለ ወንድም ወይም እኅት ቤቱ ያለው አለ። ቅጽ ሲሰጣችሁ ቅጹን አትናቁ፤ ብርዱንም ረኃቡንም ቁጠሩ። ቆጥራችሁ ስትጨርሱ ግን ብዕራችሁን አስቀምጡና ከሰውዬው ጎን ተቀመጡ። ለመፈረም አትቸኩሉ። እናንተ «ጉድለት የለም» ብላችሁ በፈረማችሁበት ቤት ውስጥ ነገም ከነገ ወዲያም የሚያድረው እርሱ ነውና።